የኤችአይቪን መድኃኒት ከማቀዝቀዣ ያላቀቀው የሃይድሮጂን ትስስር

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1998 የአሜሪካው መድኃኒት አምራች አቦት ሪቶናቪር የተባለውን ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ካፕሱሎች ከገበያ ለማንሳት ተገደደ። ከሁለት ዓመት በፊት ፈቃድ ያገኘው መድኃኒት በካፕሱሉ ውስጥ ቀድሞ ወደማይታወቅ የክሪስታል ዓይነት መለወጥ ጀምሮ ነበር። አዲሱ ክሪስታል በቀላሉ አይሟሟም፤ ያልሟሟ መድኃኒት ደግሞ ወደ ደም በሚገባ አይሰርግም።

ሞለኪውሉ ያው ነው። የተለወጠው ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ የሚያያዙበት መንገድ ሲሆን፣ ከማያያዣዎቹ ዋነኛው የሃይድሮጂን ትስስር ነው።

የሃይድሮጂን ትስስር ምንድን ነው?

ከኦክስጅን ወይም ከናይትሮጂን ጋር የተጣመረ ሃይድሮጂን በመጠኑ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚኖረው በአቅራቢያው ባለ ሌላ ኦክስጅን ወይም ናይትሮጂን ይሳባል። ይህ ስበት አቶሞችን በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ከሚያጣምረው ኃይል እጅግ የላላ ነው። ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ብዛቱ ያጠነክረዋል።

መፍትሔው እንዴት ተገኘ?

ሪቶናቪርን ከሎፒናቪር ጋር ያጣመረው ካሌትራ በ2000 ሲፈቀድ ካፕሱል ስለነበር፣ በመጋዘንና በመድኃኒት ቤት ማቀዝቀዣ ያስፈልገው ነበር። ኤሌክትሪክ ለሌላቸው የገጠር ጤና ተቋማት ይህ ከባድ ቅድመ ሁኔታ ነው።

ባለሙያዎች መድኃኒቱን ኮፖቪዶን ከተባለ ፖሊመር ጋር በሙቀት አቀላቀሉት። ፖሊመር ትንንሽ ክፍሎች እየተቀጣጠሉ የሚሠሩት ረጅም፣ ሰንሰለት መሰል ሞለኪውል ነው። በኮፖቪዶን ሰንሰለት ላይ የተደረደሩት ኦክስጅኖች የመድኃኒቱን ሃይድሮጂኖች ይስባሉ። እርስ በርስ ይያያዙ የነበሩት የመድኃኒቱ ሞለኪውሎች በዚህ ጊዜ ከፖሊመሩ ጋር ይያያዛሉ፤ ድብልቁ ሲቀዘቅዝ እንደ መስታወት ስለሚጠጥርም ተንቀሳቅሰው ክሪስታል መሥራት ያዳግታቸዋል።

በዚህ ዘዴ የተሠራው የካሌትራ ኪኒን በ2005 በአሜሪካ ተፈቀደ። ኪኒኑ ማቀዝቀዣ አያሻውም፤ የአዋቂ ታካሚ መደበኛ የቀን መጠንም ከስድስት ካፕሱል ወደ አራት ኪኒን ወረደ።

እርጥበት ለምን ያሰጋል?

ውሃም የሃይድሮጂን ትስስር ይፈጥራል። እርጥበት እንዲህ ባለ ድብልቅ ውስጥ ሲሰርግ በመድኃኒቱና በፖሊመሩ መካከል ይገባል፤ የጠጠረውንም ያለሰልሳል። ያን ጊዜ የመድኃኒቱ ሞለኪውሎች ዳግም ተገናኝተው ክሪስታል የመሥራት ዕድል ያገኛሉ።

የአምራቹ መመሪያም ኪኒኑ ከመጀመሪያ ዕቃው ወጥቶ ከፍተኛ እርጥበት ባለበት ስፍራ ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳይቆይ ያሳስባል። ማቀዝቀዣን ያስቀረው መድኃኒት ዛሬም በሚገባ የተከደነ ዕቃ ይፈልጋል።