ያየነው ፊልሙን ነው ወይስ ቅጂውን?

እ.ኤ.አ. በ1968 ጆርጅ ሮሜሮ የሚባል የፒትስበርግ ወጣትና ጓደኞቹ ከመቶ ሺህ ዶላር ብዙም በማይበልጥ ገንዘብ የሠሩትን ጥቁርና ነጭ አስፈሪ ፊልም ለእይታ አበቁ፤ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን። አከፋፋዩ የፊልሙን ርዕስ ሲቀይር በቀድሞው ርዕስ ሥር የነበረው የቅጂ መብት ማሳወቂያ አብሮ ወጣ፤ በአዲሱ ላይ ሳይጻፍ ቀረ። በጊዜው የአሜሪካ ሕግ ማሳወቂያ የሌለውን ሥራ አይጠብቅም ነበርና ፊልሙ ገና ከመውጣቱ ባለቤት አልባ ሆነ። የቤት ቪዲዮ ዘመን ሲመጣ ማባዣ ያለው ሁሉ እያባዛ ሸጠው። ቅጂ ከቅጂ እየተገለበጠ ምስሉ ነጣ፣ ድምፁ ተንሿሿ። ብዙ ተመልካች፣ ሃያሲውም ጭምር፣ ፊልሙን ያወቀው በዚህ መልኩ ነው። የድሮ ፊልም በካሴት ወይም በዲስክ አይቶ የሚገመግም ሰው ከሁሉ በፊት የትኛውን ቅጂ እንዳየ ሊነግረን ይገባል የምለውም ለዚህ ነው። ይህን ሳይነግረን የሰጠው ፍርድ በፊልሙ ላይ ይሁን በቅጂው ላይ፣ አንባቢው የሚለይበት መንገድ የለውም።

በዚሁ ፊልም ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ያስፈራው ሻካራነቱ ነው፤ የጦርነት ዜና አስመስሎታልና ቢጠራ ኃይሉን ያጣል ይላሉ። እኔ ግን የዜናው ስሜት የመጣው ከተበላሸ ቅጂ አይመስለኝም። በእጅ የተያዘው ካሜራ፣ ሰዎቹ በተሸሸጉበት ቤት ውስጥ ያለማቋረጥ የሚያወራው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ናቸው ያመጡት። ይልቅ መጨረሻውን ልብ እንበል (ፊልሙን ያላየ ይህን አንቀጽ ቢዘለው ይሻላል)። ዱዌን ጆንስ የሚጫወተው ጥቁሩ ጀግና ሌሊቱን ተርፎ ሲነጋ፣ የታጠቁ አዳኞች ከሞት ተነስተው ሰው ከሚበሉት ሙታን አንዱ መስሏቸው ተኩሰው ይገድሉታል። ከዚያ ፊልሙ መንቀሳቀሱን ያቆማል። የጋዜጣ ፎቶ የሚመስሉ ሻካራ፣ የቆሙ ምስሎች ይከተላሉ፤ ሰዎቹ በመንጠቆ ሬሳውን ሲጎትቱ እናያለን። ሮሜሮ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጥላና ብርሃኑን ተጠንቅቆ ነው የሠራው። ሻካራነቱን ያስቀመጠው ለመጨረሻ ነበር፤ ሰውየው ከሰውነት ወጥቶ የዜና ምስል የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉም ነገር ሻካራ በሆነበት ካሴት ይህ ለውጥ ከነጭራሹ አይታይም። በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምና በፊልም ፋውንዴሽን በኩል ከዋናው ኔጋቲቭ የታደሰው ቅጂ በ2016 ሲወጣ ሮሜሮ በሕይወት ነበር፣ ሥራውንም ተከታትሏል። በዓመቱ አረፈ።

ጉዳዩ የጥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ «አዲሱን ቅጂ እዩ» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ግን አንዳንዴ ፊልሙ ራሱ ሌላ ነው። የሪድሊ ስኮት «ብሌድ ራነር» በ1982 ሲወጣ ሃሪሰን ፎርድ ታሪኩን በድምፅ ይተርክ ነበር፤ የሚያበቃውም ሁለቱ ፍቅረኞች በተራራ መካከል በመኪና ሲያመልጡ ነው። በ1992ቱ እትም ትረካውም ማምለጡም ተቆርጠው ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ የሚታይበት ሕልም ገባ። በ2007 ደግሞ ስኮት «የመጨረሻ» ያለውን አወጣ። ታዲያ «ትረካው ፊልሙን ገደለው» ብሎ የሚጽፍ ሃያሲ ስለ የትኛው እያወራ ነው? ዳይሬክተሩ ያጸደቀው ይበቃናል የሚለውም መልስ አያዛልቅም። ዊሊያም ፍሪድኪን የ1971ዱን «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» በ2009 ለብሉ ሬይ ሲያዘጋጅ ቀለሙን እንዳሻው ለወጠው፤ ፊልሙን የቀረጸው ኦወን ሮይዝማን በአደባባይ ተቃወመ። በ2012 ወደ ቀድሞው መልክ የቀረበ ሌላ እትም መውጣቱ የማን ክርክር እንዳሸነፈ ያሳያል። በ2010 የወጣው የ«ፕሬዴተር» ዲስክም ከዚህ የባሰ ነው። የፊልም ምስል ከደቃቅ ቅንጣቶች የተሠራ መሆኑን የዘነጋ ባለሙያ ቅንጣቱን እንደ ቆሻሻ ጠርጎ፣ ዋናውን ተዋናይ አርኖልድ ሽዋርዘኔገርንና ጓደኞቹን የሰም ፊት አልብሷቸዋል። ካሴቱ ደብዛዛ ነበር፤ ዲስኩ ጥርት ብሎ ይዋሻል።

ተራው ተመልካች ታሪኩን እንጂ ቅንጣቱን መቼ ይፈልጋል የሚል ሰው ግማሽ እውነት አለው። የዲስክ ግምገማ የሚጽፉ ሰዎች አንዳንዴ ስለ ፒክስልና ስለ ድምፅ ቻናል ብዛት ሲያወሩ ፊልሙን ይረሱታል፤ ጽሑፋቸው የዕቃ መሸጫ ማስታወቂያ ይመስላል። እኔ የምጠይቀው ግን ሁለትና ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፦ ከየት የተቀዳ ነው? ምን ተቆረጠ፣ ምን ተጨመረ? ጎንና ጎኑ ለቴሌቪዥን ሲባል ተሸርፏል ወይ? ይህን ለማወቅ ውድ ቴሌቪዥን አያስፈልግም። ታሪኩን ብቻ የሚፈልገው ተመልካችም ቢሆን፣ መጨረሻው የተቀየረ ፊልም ሲሸጥለት ታሪኩን ነው የተነጠቀው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) ጣሊያን ቦሎኛ በሚገኘው የፊልም ቤተ መዛግብት ታድሷል። በ1993 የወጣውን «ሳንኮፋ» ትልልቆቹ አከፋፋዮች ስላልተቀበሉት ኃይሌ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ አሳየው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያገኘነው በካሴትና በዲቪዲ ነው። የታደሰው ቅጂ በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። በፊልሙ መግቢያ ላይ ሞና የምትባለው ሞዴል ጋና ባለው የባሪያ ንግድ ምሽግ ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ፣ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ከጨለማው ብቅ ብለው ይከቧታል። የቪኤችኤስ ካሴት ደግሞ ጨለማ ላይ ደካማ ነው፤ ጥቁር ፊትና ጥቁር ግድግዳ ይዋሃዱበታል። ትዕይንቱ የቆመው እነዚያ ፊቶች አንድ በአንድ በመታየታቸው ላይ ነው። በካሴት አይቶ «ብርሃኑ ደካማ ነው» ብሎ የጻፈ ሃያሲ ካለ፣ የወቀሰው ካሜራውን የያዘውን ሰው ሳይሆን ካሴቱን ሊሆን ይችላል፤ የትኛውን እንዳየ ካልጻፈ ግን ወቀሳው ኃይሌ ላይ ነው የሚያርፈው።