የአሜሪካ ውስኪ ጠብታ ስትደርቅ ለምን የሸረሪት ድር ትሰራለች?

ውስኪ የሚሰበስቡ ሰዎች አዲስ ጠርሙስ ሲገዙ ብዙዎቹ ከመክፈታቸው በፊት ፎቶ ያነሱታል። ጠርሙሱን መስኮት አጠገብ አቁመው፣ ብርሃን ከኋላው እንዲያልፍ አድርገው፣ ጽሑፉ እንዲነበብ አዙረው ነው የሚያነሱት። ከዚያ ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ይቀዱና ያሸታሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ማስታወሻም ይይዛሉ። የአሜሪካ ውስኪ ከሆነ ማስታወሻው ላይ ቶሎ ቶሎ የምታገኟቸው ቃላት ቫኒላ፣ ያረረ ስኳር፣ ኮኮናት፣ ትንሽ ጭስ የሚሉ ናቸው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ይሄ መጠጥ በዋናነት የሚሰራው ከበቆሎ ነው። በቆሎ ደግሞ ቫኒላ ቫኒላ አይልም፣ ኮኮናትም አይሸትም። ታዲያ ከየት መጡ? ፎቶው ላይ የሚያምረው ወርቃማ ቀለምስ? ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በእርግጥ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መሆኑን በምን እናውቃለን? ለዚህ ጥያቄ አንዱ አስገራሚ መልስ የተገኘው ከፎቶ ነው፤ ከጠርሙሱ ሳይሆን ከአንዲት የደረቀች ጠብታ ፎቶ።

በነገራችን ላይ ይሄን ለመረዳት ውስኪ መቅመስ አያስፈልግም። እዚያው አሜሪካም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሸጥም። ለእኛ ሙከራ ቡናና ሻይ ይበቃናል።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንጨት ነው። ዋነኛው የአሜሪካ ውስኪ ቡርቦን ይባላል፤ አብዛኛው የሚመረተው ኬንታኪ ግዛት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካ ኮንግረስ ቡርቦን የአገሪቱ መለያ ምርት መሆኑን አውጇል። ቡርቦን ለመባል የሚያበቃው መስፈርት በሕግ የተወሰነ ነው፦ ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት፣ ወደ በርሜል ሲገባ የአልኮል መጠኑ ከ62.5 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ ቀለም ማስገባት አይፈቀድም። ለእኛ ታሪክ ትልቁ ነገር ግን ይሄ ነው፦ የሚቀመጥበት የኦክ እንጨት ዕቃ አዲስ መሆን አለበት፤ ውስጡም በእሳት ተለብልቦ ከሰል የለበሰ።

አዲስ የወጣ ውስኪ እንደ እኛው ካቲካላ ውሃ የመሰለ፣ ቀለም የሌለው ነው። በርሜሉ ውስጥ ነው መልኩም ጠባዩም የሚለወጠው። የኦክን እንጨት አጠንክሮ ከያዙት ነገሮች አንዱ ሊግኒን የሚባል ግዙፍ ሞለኪውል ነው። እሳት ሲነካው ይሰባበራል፤ ከስብርባሪዎቹ አንዱ ቫኒሊን ነው፣ የቫኒላን ሽታ የሚሰጠው ያው ሞለኪውል! ሌላው ጓያኮል ይባላል፤ እሱ ደግሞ ጭስ ጭስ ይሸታል። ሄሚሴሉሎስ የተባለው የእንጨቱ ክፍል ሲቃጠል ወደ ስኳርነት ይፈርስና ያርራል፤ "ያረረ ስኳር" የሚሉት እሱን ነው። ኮኮናቱን የሚያመጣው ላክቶን የሚባለው ውህድ ሲሆን እሱ መጀመሪያውኑም ኦኩ ውስጥ አለ። የእሳቱ ሥራ የሚፈጀው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው። በኃይል የተለበለበ በርሜል ውስጡ ተሰነጣጥቆ የአዞ ቆዳ ይመስላል።

እናቶቻችን ጠላ ከመጥመቃቸው በፊት ጋኑን በወይራ ሲያጥኑ አይታችሁ ከሆነ፣ የዚሁን ኬሚስትሪ ዘመድ አይታችኋል። የወይራ እንጨትም ሊግኒን አለው፤ ሲጤስ ይሰባበርና ሽታው የጋኑ ግድግዳ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ወደ ጠላው ይገባል። ልዩነቱ በርሜሉ ራሱ እንጨትም ዕቃም መሆኑ ነው። የኬንታኪ በጋ ሲሞቅ ፈሳሹ ወደ እንጨቱ ሰርጎ ይገባል፣ ክረምቱ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይወጣል። እንዲህ እያለ ዓመታት ሲያልፉ የእንጨቱን ነገር እያሟሟ ይዞ ይወጣል።

ወደ ጠርሙሱ ፎቶ እንመለስ። ጠቆር ያለ ውስኪ ረጅም ዓመት የተቀመጠ ይመስላል፣ አይደል? ፎቶ ላይ ግን ቀለም ቀላል አታላይ ነው። አንድ አይነት ሻይ በጠባብና በሰፊ ብርጭቆ ቀድታችሁ ከጎን ተመልከቱ። ሰፊው የጠቆረ ይመስላል፤ ምክንያቱም ብርሃኑ ብዙ ሻይ አቋርጦ ነው ዓይናችሁ ጋር የሚደርሰው፣ በየመንገዱም ሰማያዊና አረንጓዴው ብርሃን እየተዋጠ ቀዩና ቢጫው ይቀራል። አሁን ደግሞ አንዴ በቢጫ አምፖል፣ አንዴ በመስኮት ብርሃን በስልካችሁ አንሱት። ስልኩ "ነጭ ይሄ ነው" ብሎ በራሱ ስለሚያስተካክል ያው ሻይ ሁለት መልክ ይኖረዋል። ከኋላው ነጭ ወረቀት ብታደርጉ ትንሽ ይረዳል። ያም ሆኖ ግን ፎቶው ስለ ዕድሜም ስለ እውነተኛነትም ብዙ አይነግራችሁም። በስኮትላንድ ሕግ ለምሳሌ ከስኳር የተሰራ ማቅለሚያ መጨመር ይፈቀዳል።

እሺ፣ መቅመስስ? ምላስ የሚለየው ጥቂት ነገር ነው፦ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ጨው፣ መራራ፣ የስጋ መረቅ አይነት ጣዕም። "ቫኒላ" የሚለው አፍንጫችሁ ነው፤ ሽታው ከአፍ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል። የማቃጠሉ ነገር ደግሞ ጣዕምም አይደለም። አልኮል ሚጥሚጣ የሚቀሰቅሰውን ያንኑ የሙቀት ተቀባይ ነው የሚነካው። ለዚህ ነው ቀማሾች ጥቂት ውሃ ጠብ የሚያደርጉት። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የስዊድን ኬሚስቶች፣ ካርልሰንና ፍሪድማን፣ ነገሩን በኮምፒውተር አስልተው ነበር። አልኮሉ ሲበዛ የጓያኮል ሞለኪውሎች በአልኮል ተከበው ፈሳሹ መሃል ይቀመጣሉ፤ ውሃ ሲጨመር ወደ ላይኛው ገጽ ይወጣሉ፣ ማለትም ወደ አፍንጫ ይቀርባሉ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፦ ውሃ ሲበዛ ውሃን የማይወዱ ሞለኪውሎች ወደ ገጽ ይሸሻሉ። ድሩ የሚወለደው ከዚህ ነው።

አሁን ቡናው። ነጭ ሳህን ላይ አንድ ጠብታ ቡና አድርጋችሁ እስኪደርቅ ተዉት። መሃሉ ሳስቶ ጠርዙ ላይ ጥቁር ቀለበት ይቀራል። የጠብታዋ ጠርዝ ሳህኑ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር አይሸሽም፤ ውሃውም ቶሎ የሚተነው ከጠርዙ ነው። የተነነውን ለመተካት ፈሳሹ ከመሃል ወደ ዳር ይፈስሳል፣ የቡናውንም ብናኝ ጠራርጎ እዚያ ይከምረዋል። ይሄን በደንብ ያብራሩት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1997። ለስንት ዘመን ስኒ ሲታጠብ ይታይ የነበረ ነገር እኮ ነው!

ውስኪ ግን ቀለበት አይሰራም። ይሄን የታዘበው ሳይንቲስት ሳይሆን ኧርኒ በተን የሚባል የአሪዞና ፎቶ አንሺ ነው። የስኮትላንድ ውስኪ የተጠጣበትን ብርጭቆ ሊያጥብ ሲል ታቹ ላይ ስስ የመስመር ንድፍ ደርቆ አየ። በባለቀለም መብራት እያበራ ሲያነሳው የሌላ ፕላኔት ገጽ የመሰለ ምስል ወጣለት። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለማወቅ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያለውን የፈሳሽ ተመራማሪ ሃዋርድ ስቶንን ጠየቀ። የስቶን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት መሠረት አልኮሉ ከውሃው ቀድሞ ሲተን በጠብታዋ ውስጥ የሚያተራምስ ፍሰት ይፈጠራል፤ ከእህሉና ከእንጨቱ የመጡ ሞለኪውሎች ደግሞ ቅንጣቶቹ ወደ ዳር እንዳይሸሹ ይይዟቸዋል። ስለዚህ ዝቃጩ እንደ ስስ ቀለም ቅብ እኩል ይሰራጫል።

ድሩን ያገኘው ሌላ ሰው ነው፦ ኬንታኪ ውስጥ በሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ስቱዋርት ዊሊያምስ። የዊሊያምስ ቡድን ያደረገው ቀላል ነገር ነው፤ ቡርቦኑን በውሃ አቀጠነ። የአልኮሉ መጠን ከ20 እስከ 25 በመቶ ሲደርስ፣ የሊትር አንድ ሚሊዮንኛ የምታህል ጠብታ መስታወት ላይ አድርጎ አደረቃት፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ፎቶ አነሳት። ምስሉ ላይ የሸረሪት ድር ነበረ። እንደ ዓይን አይሪስ ወይም እንደ አእምሮ የደም ሥር የተጠላለፈ መስመር። ካልቀጠነ ድር የለም፣ እኩል የተቀባ ስስ ሽፋን ብቻ። ወደ 10 በመቶ ካቀጠናችሁት ደግሞ የቡናው ቀለበት ተመልሶ ይመጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀደም ብለን እንዳልነው ውሃ ሲበዛ፣ ከከሰሉ የመጡት ውሃን የማይወዱ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይሰባሰባሉ፣ ወደ ጠብታዋም ገጽ ይወጣሉ። እዚያ ስስ ቆዳ ይሰራሉ፤ የተፈላ ወተት ላይ የሚጋገረውን ስልባቦት አስቡት፣ ግን እጅግ በጣም የሳሳ። ፈሳሹ መትነኑን ቀጠለ እንበል። ጠብታዋ ትጎድላለች፣ ገጿም ይጠባል፣ ቆዳው ግን አይቀንስም። ትርፍ ቆዳ የት ይሂድ? ይጨማደዳል። ጭምድዱም መስመር መስመር ሆኖ ይደርቃል። ድር ያልነው እሱ ነው።

የስኮትላንድ ውስኪ በዚሁ መንገድ ቢቀጥን ድር አይሰራም። ለምን? ሕጉን አስታውሱ። ቡርቦን አዲስ በርሜል ግድ ስለሚለው አንዴ ካገለገለ በኋላ በርሜሉ ለቡርቦን አይደገምም፤ ብዙው ተሽጦ ወደ ስኮትላንድ ይሄዳል። የስኮትላንድ ውስኪ የሚያገኘው እንግዲህ ቡርቦን ቀድሞ ያጠበውን እንጨት ነው። ቆዳ የሚሰራው ቁስ በብዛት ያለው አዲሱ፣ የተለበለበው በርሜል ውስጥ ነው። አንድ የሕግ አንቀጽ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አይገርማችሁም? እኔን ከዚህ ሁሉ ምርምር በጣም የሚያስደስተኝ ይሄ ነው።

ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የቡድኑ ጥናት ደግሞ አንድ እርምጃ ሄዷል። ብዙ አይነት የአሜሪካ ውስኪ አድርቀው ሲያነጻጽሩ የየምርቱ ድር የየራሱ መልክ አለው፤ የጣት አሻራ በሉት። ስለዚህ የተጠረጠረ ጠርሙስ ሲገኝ አንድ ጠብታ ወስዶ ከእውነተኛው ድር ጋር ማስተያየት ይቻላል ማለት ነው።

ማጭበርበሩ የዛሬ ነገር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውስኪ ለገዢ ይቀዳ የነበረው ከበርሜል ነው፤ ነጋዴው መሃል ላይ ምን እንደጨመረበት ማን ያውቃል? ርካሽ አልኮል በተቃጠለ ስኳር፣ በፍራፍሬ ጭማቂ፣ አንዳንዴም በትምባሆ ቀለም እየተቀባ "የቆየ ውስኪ" ተብሎ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870 የሉዊቪሉ ጆርጅ ጋርቪን ብራውን ኦልድ ፎረስተር የተባለውን ቡርቦን በታሸገ ጠርሙስ ብቻ መሸጥ ጀመረ። በ1897 ደግሞ መንግሥት ሕግ አወጣ፦ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ወቅት የተሰራ፣ ቢያንስ 4 ዓመት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር የተቀመጠና አልኮሉ 50 በመቶ የሆነ ውስኪ ብቻ ልዩ ማኅተም እንዲያገኝ። ጠርሙስ እምነት የሚጣልበት ነገር የሆነው እንዲህ ነው። አሁን ግን ያ እምነት ራሱ የአጭበርባሪ መሣሪያ ሆኗል፤ እውነተኛ ባዶ ጠርሙስ ተገዝቶ በሌላ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ስኮትላንድ ውስጥ 55 ብርቅ የተባሉ የውስኪ ጠርሙሶች በካርቦን ዕድሜ መለኪያ ሲመረመሩ 21ዱ የውሸት ሆነው ተገኝተዋል። ጠርሙሶቹ ፎቶ ላይ ቢታዩ እኮ እንከን አልነበራቸውም።

ድሩም ቢሆን ድንበር አለው። "የየትኛው በርሜል ልጅ ነው?" ለሚለው ጥያቄ ይመልሳል እንጂ "አይጎዳም?" ለሚለው አይመልስም። በተጭበረበረ መጠጥ ሰው የሚያሳውረውና የሚገድለው ብዙ ጊዜ ሜታኖል ነው። ሜታኖል ቀለም የለውም። ሽታውና ጣዕሙ ከተራው አልኮል ጋር ስለሚመሳሰል ቀማሽም አይለየውም። የሚፈላው በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ ተራው አልኮል ደግሞ በ78፤ ስለዚህ ጠብታዋ ስትደርቅ ቀድሞ ተንኖ ይሄዳል፣ መስታወቱ ላይ ምንም አሻራ አይተውም። እውነተኛ ቡርቦን ላይ ሜታኖል ቢጨመርበት ድሩ ይሠራ ይሆናል፣ መርዙ ግን ፎቶው ላይ የለም። እሱን ለመያዝ ተኖቹን ለያይቶ የሚመዝን መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይባላል።