ምሽጉን ያላየ ብርቱ ተጫዋች

በመርካቶ ዱባይ ተራ የሚያልፍ ወጣት በኪሱ የያዘው ስልክ፣ የቼስ ፕሮግራም ከተጫነበት፣ የዓለምን ሻምፒዮን ድል ለመንሣት ይበቃል። ነገር ግን ይህ ብርቱ ተጫዋች ምሽግን ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። ምሽግ ማለታችን ደካማው ወገን በሩን ዘግቶ በአቻ የሚወጣበት አቋም ነው።

በ2009 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሊቅ ሮጀር ፔንሮዝ ያቀረቡትን እንመልከት። ነጭ ከንጉሡ በቀር 4 ወታደሮች ብቻ አሉት፤ ጥቁር ግን ንግሥት፣ 2 ሩክና 3 ቢሾፕ አሰልፏል። ፕሮግራሞቹም የጦሩን ብዛት ቈጥረው ድሉን ለጥቁር ሰጡ። ዳሩ ግን ንግሥቲቱና ሩኮቹ በወታደሮች መካከል ታጉረው መላወሻ አጥተዋል፤ 3ቱም ቢሾፖች የሚሄዱት በጥቁር ቤት ብቻ ነውና የነጭ ንጉሥ በነጭ ቤት ሲመላለስ የሚነካው የለም። ይህንንማ ጀማሪ ተማሪም ያየዋል። ብቻ ነጭ አይጐምጅ! በፊቱ የቀረበለትን ሩክ የበላ እንደ ሆነ ግድግዳው ይፈርሳል።