የለመድነው ፊት ሲለወጥ

እንደሚታወቀው ብዙ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማዎች መሪ ተዋናያቸው ሲታመም ወይም በቃኝ ሲል አብረውት ያበቃሉ። ነገር ግን መሪ ተዋናዩን ደጋግሞ እየለወጠ ለብዙ ዓመታት የዘለቀ አንድ የእንግሊዝ ድራማ አለ። እርሱም ቢቢሲ ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ማሳየት የጀመረው «ዶክተር ሁ» ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1989 ተቋርጦ ከቆየ በኋላ በ2005 እንደገና ተመልሷል። በእንግሊዝ አገር ልጆች የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ስሙን ሳይሰሙ አልቀሩም።

ይህ ጉዳይ እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ድራማው ክርስቲያናዊ አይደለም፤ እንድታዩትም ለመምከር አልተነሣንም። ሆኖም አንድ ሕዝብ ለዓመታት የወደደውን ሰው ሲያጣና በዚያው ስፍራ ሌላ ሰው ሲቆምበት በልቡ የሚሆነውን ነገር ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ነገሩ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችንም ያለ ነው። ለሃያ ዓመት ያገለገለ መጋቢ ተሸኝቶ አዲሱ መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ወይም ዝማሬውን ስትመራ የኖረች እህት ወደ ውጭ አገር ሄዳ ማይክራፎኑን ሌላዋ ስትይዝ በጉባኤው መካከል የሚሰማውን ዝምታ እናውቀዋለን። አንዳንድ ጊዜም ዝምታ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ጉባኤው ለሁለት ይከፈላል።

ቀለበቱ ሰፋው

«ዶክተር» የተባለው የድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ ከሌላ ዓለም የመጣ፣ በጊዜ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚጓዝ ሰው መሰል ፍጡር ነው። የመጀመሪያው ዶክተር ሆኖ የተጫወተው ዊልያም ሃርትኔል ሲሆን ድራማው ሲጀመር 55 ዓመቱ ነበር። በድራማው ላይ ረጅም ነጭ ፀጉር ያለው፣ ቶሎ የሚቆጣ አያት ነው። ልጆች ወደዱት። በ1966 ግን ሕመሙ ስለ በረታበት የሚናገረውን ቃል ማስታወስ አስቸገረው። አዘጋጁ ኢነስ ሎይድና የጽሑፍ አርታኢው ጌሪ ዴቪስ ድራማውን ከመዝጋት ይልቅ ሌላ መንገድ አሰቡ። ዶክተሩ ሰው ካልሆነ፣ አካሉ ሲያረጅ ሌላ አካል መያዝ ይችላል ማለት ነው! በኦክቶበር 29 ቀን 1966 ሽማግሌው ወለል ላይ ወድቆ ታየ፤ ፊቱም በተመልካቹ ዓይን ፊት ተለውጦ የሌላ ተዋናይ ሆነ። አዲሱ ሰው የ46 ዓመቱ ፓትሪክ ትራውተን ነበር።

ትራውተን ሃርትኔልን ለመምሰል አልሞከረም። ሰፊ ሱሪ ለብሶ፣ ትንሽ ዋሽንት እየነፋ፣ እየቀለደ የሚዞር ሰው ሆኖ ቀረበ። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ደራሲዎቹ የተመልካቹን ጥርጣሬ አለመሸሸጋቸው ነው። ከዶክተሩ ጋር የሚጓዙ ቤንና ፖሊ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። በሚቀጥለው ሳምንት በተጀመረው ታሪክ ላይ ፖሊ ይህ ያው የምናውቀው ሰው ነው ብላ ስትቀበለው ቤን ግን አላመነም። የቀድሞው ሰው ያደርገው የነበረው ቀለበት እንኳ በአዲሱ ጣት ላይ ሰፍቶ ወለቀ። ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚያየው ልጅ በልቡ ያጉረመረመውን ሁሉ ቤን በድራማው ውስጥ ሆኖ ይናገርለት ነበር። በመጨረሻ አዲሱ ሰው ዶክተሩ መሆኑን ካስረዱት ነገሮች አንዱ ደግሞ ያልተጠበቀ ነበር፤ ዳሌክ የተባለው የቀድሞ ጠላቱ ገና ሲያየው አወቀው። (በሐዋርያት ሥራ 19፥15 ላይ ክፉው መንፈስ ጳውሎስን እንደሚያውቅ የተናገረውን የሚያስታውስ አንባቢ ፈገግ ሳይል አይቀርም።)

ከዚህ ታሪክ ጋር 2ኛ ነገሥት 2ን ማንበብ መልካም ነው። ኤልያስ በዐውሎ ነፋስ ከተወሰደ በኋላ ኤልሳዕ መጐናጸፊያውን አንሥቶ ዮርዳኖስን ከፈለ። የነቢያት ልጆችም ይህን አይተው የኤልያስ መንፈስ በእርሱ ላይ እንዳለ መሰከሩ፤ በፊቱም ሰገዱ። ነገር ግን ወዲያው ያደረጉትን ልብ በሉ። ኤልያስን ፈልገው የሚያመጡ አምሳ ሰዎች እንላክ አሉት! ኤልሳዕ አትላኩ አለ፤ እስኪያፍር ድረስ ግድ ሲሉት ግን ፈቀደላቸው። አምሳዎቹ ሦስት ቀን ፈልገው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እነዚህ ሰዎች በኤልሳዕ ላይ ያመፁ አልነበሩም። ተቀብለውታል፤ ደግሞም ኤልያስ ናፍቋቸዋል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። አዲስ መጋቢ በመጣበት ጉባኤ ውስጥ የድሮውን መጋቢ ስም እያነሡ የሚያለቅሱ እናቶችን ሁሉ እንደ ተቃዋሚ የሚቆጥሩ መሪዎች ይህን ክፍል ቢያነብቡት እንወዳለን።

የሚመስለውን ማምጣት

ሌሎች ድራማዎች በተለየ መንገድ ሞክረዋል። በአሜሪካ «ቢዊችድ» በተባለው ኮሜዲ ላይ ባል ሆኖ የሚጫወተው ዲክ ዮርክ በጀርባ ሕመም ምክንያት በ1969 ሲወጣ በቦታው ዲክ ሳርጀንት ገባ። በድራማው ውስጥ ስለ ለውጡ አንዲት ቃል አልተነገረም። ሚስትየዋም ጎረቤቱም ሌላ ሰው መሆኑን እንዳላዩ ሆኑ። «የሃዛርድ ዱኮች» የተባለው ድራማ ደግሞ ሁለቱ መሪ ተዋንያን በ1982 በክፍያ ጉዳይ ተጣልተው ሲወጡ፣ የሚመስሏቸውን ሁለት ወጣቶች የአጎት ልጆች ናቸው ብሎ አመጣ። አንዱ ወርቃማ ፀጉር ነበረው፣ ሌላው ጥቁር፤ ልክ እንደ ቀድሞዎቹ። መኪናዋም ያችው ነበረች። ተመልካቹ ግን ሸሸ፤ በ1983 መጀመሪያ ላይ ነባሮቹ ታርቀው ተመለሱ።

ወጣቶቹ ጥፋት አልነበረባቸውም። ሌላውን ሰው ሁኑ የተባለ ሰው ሁልጊዜ ጎድሎ ይታያል። በእኛም ዘንድ ድምፁን አጎርንኖ የቀድሞውን አገልጋይ ለመምሰል የሚደክም ወጣት ሰባኪ ስንት ጊዜ አይተናል! ብዙ ጊዜ ይህን ሸክም የሚጭንበት ጉባኤው ራሱ ነው።

የተተረተረው ሻርብ

ከሁሉም ከባዱ ሽግግር የቶም ቤከር ነበር ቢባል ብዙም አይጋነንም። ቤከር በ1974 ጀምሮ እስከ 1981 ለሰባት ዓመት ተጫወተ። ፀጉረ ጠጕራራ፣ ዓይነ ትልቅ፣ እስከ እግሩ የሚደርስ ባለ ብዙ ቀለም የሹራብ ሻርብ የሚጠመጥም ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ የስምንት ዓመት የሆነ ልጅ ሌላ ዶክተር አያውቅም። እርሱን የተካው ፒተር ዴቪሰን ሲመረጥ ገና 29 ዓመቱ ነበር፤ ተመልካቹም በሌላ ድራማ ላይ እንስሳት ሐኪም ሆኖ ያውቀዋል።

ቢቢሲ በዚህ ጊዜ ጥሩ ብልሃት አደረገ። ዴቪሰን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት፣ በ1981 መጨረሻ ላይ፣ የቀድሞዎቹን ዶክተሮች ታሪኮች መርጦ በድጋሚ አሳየ። ልጆቹ ከቤከር በፊት ሃርትኔል፣ ትራውተንና ጆን ፐርትዊ እንደነበሩ አዩ። የሚወዱት ቤከርም ራሱ አንድ ቀን አዲስ ሰው ነበር ማለት ነው። በጃንዋሪ 1982 በቀረበው የዴቪሰን የመጀመሪያ ታሪክ ላይ ደግሞ አዲሱ ዶክተር ደክሞና ግራ ተጋብቶ ይታያል። በመርከቡ ውስጥ ሲዞር መንገዱ እንዳይጠፋበት የቀድሞውን ሻርብ እየተረተረ ክሩን ከኋላው ይተዋል። ያን ሻርብ ለሚወድ ልጅ ይህ የሚያስለቅስ ነው፤ ቢሆንም ክሩ መንገድ ያሳይ ነበር።

የዕብራውያን ጸሐፊ በ13፥7 የእግዚአብሔርን ቃል የነገሩንን ዋኖች እንድናስብ ያዝዛል። ዋኖች ሲል ብዙዎችን ነው። በሚቀጥለው ቁጥር ደግሞ ኢየሱስ ክርስቶስ ትናንትም ዛሬም ለዘላለምም ያው መሆኑን ይናገራል። በድራማው ውስጥ ከለውጡ የሚተርፈው ስሙና አንድ ሰማያዊ ሳጥን የምትመስል መርከብ ብቻ ናት። ስለዚህ አንድ አገልጋይ ከሄደ ቤተ ክርስቲያኒቱ አለቀላት የሚል ምእመን ከድራማ ተመልካች ያነሰ ነገር ይዟል ማለት ነው፤ ያሳዝናል።

በነገራችን ላይ ይህ የፊት ለውጥ በ1974 የተሰጠው የእንግሊዝኛ ስም፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በቲቶ 3፥5 ስለ አዲስ ልደት ሲናገር የሚጠቀምበት ቃል ነው። ልጆቻችን እንዳይምታታባቸው ልንነግራቸው ይገባል። በድራማው ፊቱ ይለወጣል፣ ሰውየው ያው ነው። በወንጌል ግን ፊቱ ያው ሆኖ ሰውየው አዲስ ይሆናል።

ጥፋቱ የማን ነው?

ሽግግር ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው አዲሱ ሰው ነው። የኮሊን ቤከርን ታሪክ እንመልከት። በ1984 ዴቪሰንን ተካ። ደራሲዎቹና አዘጋጁ ግን በመጀመሪያው ታሪኩ ላይ አብራው የምትጓዘውን ልጅ አንገቷን ሲያንቅ አሳዩት። ሐሳባቸው ክፉ መስሎ ጀምሮ ቀስ በቀስ እንዲወደድ ነበር። ከዚህም የከፋው ታሪኩ የዓመቱ የመጨረሻ መሆኑ ነው፤ ተመልካቹ ያንን ምስል ይዞ ወራት ጠበቀ። በ1985 ድራማው ለ18 ወራት ያህል ተቋረጠ፤ በ1986 ኮሊን ቤከር ተሰናበተ። ለመሰናበቻው ትዕይንት ና ሲሉት አልመጣም፤ ተተኪው ሲልቬስተር ማኮይ የእርሱን ዊግ አድርጎ ወለል ላይ ተኛ። ከዓመታት በኋላ በድምፅ ብቻ በተዘጋጁ ድራማዎች ላይ ሲጫወት ብዙዎች ችሎታውን አወቁለት። ቁስሉንም አልያዘም። በ2017 ጆዲ ዊተከር የመጀመሪያዋ ሴት ዶክተር ሆና ስትመረጥና ብዙ ክርክር ሲነሣ በይፋ ከደገፏት አንዱ እርሱ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳት የሚመጣው እውነቱ ሳይነገር ሲቀር ነው። በማርች 2005 ድራማው ከረጅም ዕረፍት በኋላ ተመልሶ የመጀመሪያው ክፍል ከታየ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ መሪ ተዋናዩ ክሪስቶፈር ኤክልስተን እንደማይቀጥል ተሰማ። ቢቢሲ የተዋናዩ ቃል ነው ብሎ ምክንያቱን ገለጸ። ወዲያው ግን ያ ቃል ከኤክልስተን አፍ እንዳልወጣና እርሱንም እንዳላነጋገሩት አምኖ ይቅርታ መጠየቅ ግድ ሆነበት። የጌታ አገልጋይ በገዛ ፈቃዱ ለቅቋል የሚል ማስታወቂያ ከመድረክ ተነብቦ፣ እውነቱ በየቤቱ በሹክሹክታ የሚወራበትን ጉባኤ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። ሰው ሐዘኑን ይችላል፤ መታለልን ግን ቶሎ አይረሳም።

የሚሄደው ሰው ቃል

በኦገስት 2014 የሆነው ደግሞ ለየት ይላል። በ26 ዓመቱ የተመረጠው ማት ስሚዝ ሄዶ በ55 ዓመቱ የተመረጠው ፒተር ካፓልዲ መጣ። አብራው የምትጓዘው ክላራ ይህን ሸበቶ ሰው መቀበል አቃታት። በዚያው ክፍል መጨረሻ ላይ ስልክ ተደወለላት። የደወለው ከመለወጡ በፊት የነበረው ወጣቱ ዶክተር ነው። አዲሱ ሰው ከእርሷ ይልቅ እንደፈራ ነግሮ እንድትረዳው ለመናት። እርሷም ዘጋችና ወደ ሽማግሌው ዞር አለች።

ሙሴ ያደረገው ይህን ነው። በዘኁልቁ 27 በጉባኤው ላይ የሚሾም ሰው እንዲሰጥ እግዚአብሔርን የለመነው ራሱ ሙሴ ነው። ኢያሱንም በካህኑና በማኅበሩ ሁሉ ፊት አቁሞ እጁን ጫነበት። በስውር አላደረገውም። ተተኪውን ሳያቀርብ፣ ሳይመርቅም የሚሄድ አገልጋይ ለሕዝቡ ግማሽ ስንብት ብቻ ሰጥቶ ይሄዳል።

የድራማው ወዳጆች «የእኔ ዶክተር» የሚሉት አባባል አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ በልጅነታቸው ያዩትን ማለታቸው ነው። ለአንዱ ቤከር፣ ለሌላው ዴቪድ ተናንት፣ ለታናናሾቹ ደግሞ በኪጋሊ ተወልዶ በስኮትላንድ ያደገው ንኩቲ ጋትዋ ነው። ጋትዋም በሜይ 2025 ሄደ።

የቆሮንቶስ ሰዎችም አንዱ የጳውሎስ፣ ሌላው የአጵሎስ፣ ሌላው የኬፋ ነኝ ይሉ ነበር (1ኛ ቆሮ. 1፥12)። ጳውሎስ ለአራት ምዕራፍ ያህል ስለዚህ ነገር ይጽፍላቸዋል። አብዛኞቻችን ሳናስተውል የምናልፈው ግን በዚሁ መልእክት 16፥12 ላይ ያለውን ነው። ጳውሎስ አጵሎስን ወደ ቆሮንቶስ ሂድ ብሎ አጥብቆ ለምኖታል፤ ስሙን ይዘው ከጳውሎስ ወደ ተለዩት ሰዎች ጭምር ማለት ነው። ለጊዜው አልሄድም ያለው አጵሎስ ነበር፤ ሲመቸው ግን ይመጣል።