ከቦሌ እስከ ገጠር ጤና ኬላ፦ የዲጂታል ጤና መረጃ ክፍተት

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ አንድ ጤና ኬላና ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እንዲኖሩ ታስቦ ነበር። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ አገልግሎት ሲሰጥ፣ አምስት ጤና ኬላዎች ደግሞ በአንድ ጤና ጣቢያ ይደገፋሉ። በ2002 ዓ.ም. ፕሮግራሙ አዲስ አበባን ጨምሮ ወደ ከተሞች ተስፋፍቷል።

የገጠር ቤተሰቦች የጤና መረጃ ለዓመታት ሲመዘገብ የቆየው የቤተሰብ ማህደር በተባለው የወረቀት መዝገብ ነው። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተተገበረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የመረጃ አብዮትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎ ይዟል። ማህደሩን ወደ ታብሌት የሚያሸጋግረው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓትም የዚሁ አካል ነው።

ሥርዓቱ እንዴት ይሠራል?

ታብሌቱ ኔትወርክ በሌለበት ስፍራም መረጃ ይመዘግባል፤ የክትትል ጊዜዋ የደረሰ ነፍሰ ጡርንና ክትባቱ የዘገየ ሕፃንንም ለባለሙያዋ ያስታውሳል። መረጃው ወደ ማዕከላዊ ቋት የሚተላለፈው ግን ኔትወርክ ሲገኝ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ በዚያው መሣሪያ ውስጥ ይቆያል።

ክፍተቱ የት ላይ ነው?

በቦሌ ወይም በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የምትሠራ ባለሙያ ኔትወርክና መብራት በአቅራቢያዋ ታገኛለች። ከዋና መንገድ በራቀ ቀበሌ የምትሠራው ግን ታብሌቷን ኃይል ለመሙላትና መረጃውን ለመላክ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ወረዳ ከተማ የምትጓዝበት ጊዜ አለ። መሣሪያው ሲበላሽ ወደ ወረቀት ትመለሳለች፤ ሲጠገን ደግሞ ያንኑ መረጃ እንደገና ታስገባለች። ስለሆነም የዲጂታል ክፍተት የሚለካው በታብሌት ብዛት ብቻ ሳይሆን በኃይል አቅርቦት፣ በኔትወርክ፣ በጥገናና በሥልጠና ጭምር ነው።

ክፍተቱ በገጠር ብቻ ተወስኖ አይቀርም። የሕፃናት መደበኛ ክትባት በተወለዱበት ጊዜ ተጀምሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 እና በ15 ወር ይቀጥላል። በገጠር ክትባት የጀመረ ሕፃን ከእናቱ ጋር ወደ አያት ወይም ወደ ሰሚት አካባቢ ቢመጣ፣ መረጃው ያልተላለፈ ከሆነ በአዲሱ ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ የትኛውን ክትባት እንደወሰደ የሚያረጋግጠው በእናቱ እጅ ካለው ካርድ ነው።

ኅብረተሰቡ ምን ያድርግ?

• የክትባትና የእርግዝና ክትትል ካርድን በጥንቃቄ መያዝ፣ መኖሪያ ሲቀየርም ይዞ መጓዝ፤
• የስልክ ቁጥር ወይም አድራሻ ሲለወጥ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማሳወቅ፤
• ወደ ከፍተኛ ተቋም ሲላኩ የሪፈራል ወረቀቱን ማቅረብ፣ የሚሰጠውን ምላሽም ወደ ላከው ተቋም መመለስ።

መረጃ ከጤና ኬላ እስከ ሆስፒታል ሳይቆራረጥ እስኪተላለፍ ድረስ፣ በእጅ ያለው ካርድ የእናትና የልጅ አስተማማኝ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል።