ከበረዶ አገር የምትመጣው የቦንጋ እንግዳ

ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ከፍ ብላ በተቀመጠችው በቦንጋ ብርድ ማለት የክረምት ዝናብና ከጫካው ተነሥቶ የእንሰቱን ቅጠል የሚያረጥበው ጉም ነው እንጂ፣ ምድርን ከዳር እስከ ዳር የሚከድን በረዶ በከፋ ምድር አይታወቅም። ይሁን እንጂ በሩስያና በምሥራቅ አውሮፓ ሜዳዎች ላይ የሚወርደው በረዶ ለቦንጋ ጓሮ ባዕድ ነገር አይደለም፤ እርሱ ሳይወርድ አስቀድመው የሚሰደዱ አዕዋፍ፣ ባሕሩንና በረሃውን ተሻግረው፣ ከፋዎች የማሽቃሮን በዓል በሚያከብሩበት በመስከረም ወር መድረስ ይጀምራሉና።

ከእነዚህ ስደተኞች አንዷ ሆዷ ቢጫ፣ ጭራዋ ረጅም የሆነች፣ ክብደቷም 20 ግራም የማይሞላ ወፍ ናት። እንደ ድንቢጥ አትዘልም፤ ፈጠን ፈጠን እያለች ትራመዳለች፤ ቆም ባለች ቍጥርም ጭራዋን ወደ ላይና ወደ ታች ትወዘውዛለች። ላሟ ልትግጥ አንገቷን ስትደፋ ከአፍንጫዋ ሥር ትጠጋለች፣ ሰኮናው ከሣሩ ያስነሣውንም ዝንብ ገና ሳይርቅ ትለቅመዋለች።

ሕዝባችን በመስከረም ድንገት ብቅ የሚሉትን ቀያይና ቢጫ ወፎች የመስቀል ወፍ እያለ እንደ እንግዳ ይቀበላቸዋል። እነርሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ከሣሩ መካከል ቡናማ ላባ ለብሰው የኖሩ የአገር ተወላጆች ናቸው፤ ወንዶቹ በዝናቡ ወራት ለመራቢያ ጊዜያቸው ልብስ ለወጡ እንጂ ከየትም አልመጡም። እውነተኛይቱ እንግዳ በዚያው ሰሞን ከላሟ እግር ሥር ስትመላለስ ዞር ብሎ የሚያያት የለም፤ ይህንንስ ጥቂት የእንግዳ አቀባበል ጕድለት ብለው ደስ ይለኛል።

ወፊቱን ከአገሯ የሚያስወጣት ብርዱ ራሱ ሳይሆን ረኃብ ነው፤ ላባ ለብርድ መልካም ልብስ ነውና። ፍሬ የሚለቅሙት ብዙዎቹ በዚያው ሲከርሙ፣ የእርሷ ሲሳይ የሆኑት ነፍሳት ግን ቀኑ ሲያጥርና ምድሩ ሲቀዘቅዝ ይጠፋሉ። የጥንት ሊቃውንት አዕዋፉ በብርዱ ወራት ወዴት እንደሚሰወሩ አጥብቀው ይመራመሩ ነበር፤ አርስጣጣሊስ እንኳ አንዱ የወፍ ዓይነት ወደ ሌላው ይለወጣል ብሎ ጽፎአል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1822 ግን በጀርመን አገር አንገቱን የአፍሪቃ ጦር የወጋው ሽመላ በመገኘቱ የስደታቸው ነገር የሚታይ ምስክር አገኘ፤ በ1899ም ሞርተንሰን የተባለው ዴንማርካዊ መምህር መንገዳቸውን ለማወቅ በወፎች እግር ላይ ቍጥር ያለበት የብረት ቀለበት ማሰር ጀመረ።

በበረዶው አገር ሰዎች በመስኮታቸው አጠገብ ጥራጥሬና ጮማ እየሰቀሉ ያልተሰደዱትን አዕዋፍ ይመግባሉ። በቦንጋ ግን ለእንግዳይቱ ማዕድ የሚያሰናዱላት ከብቶቹ ስለሆኑ፣ ሊያያት የሚወድ ሰው ጧት ከብቱ ወደ ግጦሽ ሲወጣ ከአጥሩ ሥር ጸጥ ብሎ ቢቀመጥ ይበቃዋል። ይልቁንም መጋቢት መልካም ወር ነው፤ ወንዱ ላባውን ለውጦ ቢጫነቱ የሚደምቀው፣ ለመንገዱም ስብ የሚያጠራቅመው ያን ጊዜ ነው፤ ሚያዝያ ሲያልቅ አብዛኞቹ ሄደዋል።