የማታዋ ኪኒን

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መገባደጃ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ ሰው ልጁን አዝሎ፣ ያገኘውን ሸክፎ ወደ ደቡብ ተሰደደ። ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ የተመለሱት ኅዳር ሊያልቅ ሲል ነበር። በመካከሉ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ አገልግሎቱን አቋረጠ። ስለ ቆሰሉትና ስለ ተፈናቀሉት ብዙ ተጽፏል። ደም ስለማይታይበት ብዙም ያልተወራለት ጉዳት ግን ነበር፤ ማታ ማታ አንዲት ኪኒን እየዋጠ በሰላም ሲኖር ቆይቶ ኪኒኗ ያለቀችበት ሰው ጉዳት።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በድንገት ሲያቋርጥ ሕመሙ ወደ ድሮው ቦታ ብቻ አይመለስም፤ ከድሮው ሊብስ ይችላል። አንዱ መጣል ሳያበቃ ሌላው የሚደርብበት ጊዜ አለ፤ ይህ ሕይወት የሚቀጥፍ ድንገተኛ አደጋ ነው። ለማቋረጥ ደግሞ የግድ ጦርነት አያስፈልግም። የትራንስፖርት ገንዘብ ማጣት፣ ጸበል መግባት፣ የጾም ወር መድረስ፣ ወይም "አሁንስ ድኛለሁ" ማለት ይበቃል። ስለ መድኃኒት ልክ ስንነጋገር ብዙዎቻችን "ስንት ሚሊግራም?" ብለን እንጠይቃለን። ከዚያ እኩል መጠየቅ ያለበት "ሳይቋረጥ ነወይ?" የሚለው ነው።

ገበያው ባንድ ድምፅ ሲጮህ

የአንጎል ሴሎች የሚነጋገሩት በኤሌክትሪክ ነው። የደሴን ሰኞ ገበያ አስቡት። አንዱ በግ ይከራከራል፣ ሌላዋ በርበሬ ትሰፍራለች፣ ሁሉም በየፊናው ያወራል፤ ጫጫታው ውስጥ ሥራ ይሠራል። ድንገት ገበያተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ባንድ ምት ማጨብጨብ ቢጀምር ግብይቱ ይቆማል። መጣል ማለት ይኸው ነው፤ ብዙ ሴሎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ምት ይተኩሳሉ። ጭብጨባው አንድ ጥግ ላይ ከቀረ ሰውዬው እጁ ብቻ ይንቀጠቀጥ ወይም ለአፍታ ፈዞ ከንፈሩን ያላምጥ ይሆናል። ገበያውን ሁሉ ካዳረሰው ይወድቃል፣ ይንፈራገጣል። ስለዚህ "የሚጥል" ቢባልም ሁሉንም አይጥልም።

መንስኤው ብዙ ነው፤ በምጥ ጊዜ የደረሰ የአየር እጥረት፣ ማጅራት ገትር፣ አንጎል የደረሰ ወባ፣ የጭንቅላት ምት፣ በዘር የመጣ ዝንባሌ። በንክኪም በአረፋም አይተላለፍም።

በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራል። በአገራችን ቁጥሩን ያሳየን የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ያካሄዱትና በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ነው። ከ1,000 ሰው 5.2ቱ ሕመሙ ነበረባቸው። ከሕመምተኞቹ ውስጥ ዘመናዊ መድኃኒት ላይ የነበሩት ግን ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር።

የሚያፈስ እንስራ

በአገራችን ጤና ተቋማት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፊኖባርቢታል ነው። መጣልን እንደሚከላከል የታወቀው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው። ሌሎቹ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ቫልፕሮዌት ናቸው። ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም የሚባሉ አዳዲሶችም አሉ።

መድኃኒት በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ለመረዳት ከታች ቀስ እያለ የሚያፈስ እንስራ ይታያችሁ። ማታ ማታ አንድ ኩባያ ውኃ ትጨምሩበታላችሁ፤ እሱም ሌሊትና ቀን ያንጠባጥባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃው ገና ታች ነው። ቀን በቀን ከፍ ይልና የሚገባውና የሚፈሰው እኩል ሲሆን ባለበት ይረጋል። ሐኪሞች የሚፈልጉት ያንን የረጋ ከፍታ ነው። ፊኖባርቢታል የሚፈሰው በጣም በዝግታ ነው፤ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አራት ቀን ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ለመርጋት ሦስት ሳምንት ያህል ይወስድበታል። "ሳምንት ዋጥኩት፣ ምንም አላደረገልኝም" ብሎ ኪኒኑን መተው እንስራው ሳይሞላ ጠማኝ ብሎ እንደ መስበር ነው።

ልኩም የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአዋቂ ሰው ፊኖባርቢታል በቀን 60 ሚሊግራም ተጀምሮ እንደ አስፈላጊነቱ ቀስ እየተባለ እስከ 180 እንዲደርስ ይፈቅዳል። ከትንሹ ይጀመራል፣ ይጠበቃል፣ ይታያል፣ ካልበቃ ይጨመራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ለአንዱ የበቃው ለሌላው አይበቃም፤ ክብደቱ፣ ዕድሜው፣ ጉበቱ፣ አብሮ የሚወስደው ሌላ መድኃኒት ሁሉ ልኩን ይቀይሩታል። የጎረቤት ኪኒን ተበድሮ መዋጥ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ፌኒቶይን ደግሞ የራሱ አመል አለው። ጉበት እሱን የሚያስወግደው እስከ አንድ ወሰን ነው፤ ወሰኑ ሲሞላ የእንስራው ቀዳዳ ከዚያ በላይ አይፈጥንም። ያኔ በቀን ከ300 ወደ 400 ሚሊግራም ማሳደግ "ትንሽ ጭማሪ" መስሎ ውኃውን ከአፉ ያስገነፍለዋል። ሰውዬው እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይርገበገባል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ቤተሰብ "ባሰበት" ብሎ ሌላ ኪኒን ቢጨምርለት ጉድ ይፈላል። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ በራስ ፈቃድ መጨመርም ማቆምም አይገባም፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ጾም፣ ጸበልና የሌሊት ፈረቃ

ወሎ ውስጥ የሚኖር ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በጾም ጭምር ነው፤ ሁዳዴው አለ፣ ረመዳኑ አለ። እዚህ ላይ የእንስራው ነገር ይጠቅማል። ፊኖባርቢታል በዝግታ ስለሚወጣ በቀን አንዴ፣ ማታ መዋጥ ይበቃል፤ ከጾም ጋር አይጋጭም። በቀን ሁለቴ የሚወሰደውን ብዙ ጊዜ በኢፍጣርና በሱሁር ማድረግ ይቻላል። የቀን ሦስቴው ግን ሰዓቱ መልሶ መሠራት አለበት። ይህ ከባለሙያ ጋር የሚመከረው ጾሙ ሳይገባ ነው፤ ከገባ በኋላ በግምት አይሆንም።

ጸበልም ዱዓም እንደዚሁ ነው። በተመላላሽ ክፍል ደጅ የምትሰማ ወግ አለች። ነርሷ "እትዬ፣ ኪኒኑን ማን አስቆማት?" ብላ ትጠይቃለች። እናት "ኧረ ሲስተር፣ ጸበል ገብታ ኪኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው አሉኝ" ትላለች። ልጅቷ ድንገት በማቋረጧ ደጋግሞ ሲጥላት "ጸበሉ አስለፈለፈው፣ ለቀቃት" ይባላል። አስለፍላፊው ግን ባዶ የቀረው እንስራ ነው። ጸሎትና ኪኒን አይጣሉም። ጸበሉ ዘንድ ሂዱ፣ ዱዓ የሚደረግበት ወዳጃ ላይ ተቀመጡ፤ ኪኒኗ ግን ከመቀነቱ አትለይ።

ከመድኃኒቱ ቀጥሎ ትልቁ ጠባቂ እንቅልፍ ነው። ሌሊቱን ማኅሌት ቆሞ ማደር፣ ጫት ቅሞ ማንጋት፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ መግባት፣ ሁሉም የመጣልን ደጃፍ ያላላሉ። አረቄውም እንደዚያው ነው፤ በተለይ ስካሩ ሲበርድ። ሠራተኛ ለአለቃው የቀን ፈረቃ እንዲሰጠው የሐኪም ማስረጃ ይዞ ቢጠይቅ አያሳፍርም። ባጃጅ የሚነዳም ሕመሙ በቁጥጥር ሥር መሆኑን ሐኪሙ ሳያረጋግጥለት መሪ መጨበጥ የለበትም።

ኪኒኑ እንቢ ሲል

በስኮትላንዷ ግላስጎው 525 ሕመምተኞች ተከታትሎ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከዚያ በፊት መድኃኒት ካልጀመሩት ውስጥ በመጀመሪያው መድኃኒት 47 ከመቶዎቹ መጣሉ ቆመላቸው። በሁለተኛው 13 ከመቶ ተጨመሩ። በሦስተኛው ወይም በሁለት መድኃኒት ጥምረት የተገኘው ግን 4 ከመቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ በትክክል የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች፣ በበቂ ልክ፣ ሳይቋረጡ ተወስደው ካልሠሩ ሕመሙ "መድኃኒት የተላመደ" ይባላል፤ ሌላ በር ማንኳኳት ይጀመራል።

ከዚያ በፊት ግን ይጣራ። ኪኒኑ በእርግጥ በየቀኑ ተውጧል? ለሕመሙ ዓይነት የሚስማማው ነው? መጣሉስ በእርግጥ የሚጥል በሽታ ነው? እዚህ ላይ የቤተሰብ ስልክ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል፤ ሲጥለው አንድ ሰው እየረዳ ሌላው ቪዲዮ ቢቀርጽ ሐኪሙ በዓይኑ ያያል። ትንሽ ደብተርም አትናቅም፤ የጣለበት ቀን፣ ሰዓት፣ ያልተዋጠች ኪኒን፣ ያልተተኛ ሌሊት ይጻፍባት።

ሌሎቹ በሮች እነዚህ ናቸው። መጣሉ ከአንጎል አንድ ጥግ የሚነሳ ከሆነ ያንን ጥግ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይቻላል። በካናዳ ተካሂዶ በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ራስን የሚያስስት መጣል ለዓመት የቆመላቸው በቀዶ ሕክምና 58 ከመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ 8 ከመቶ ነበሩ። ከአንገት ሥር የሚያልፈውን ቬገስ የሚባል ነርቭ በትንሽ መሣሪያ ማነቃቃትም አለ፤ መጣሉን ይቀንሳል እንጂ እምብዛም አያጠፋውም። ሦስተኛው ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው፣ ስብ የበዛበትና እህል እጅግ ያነሰበት አመጋገብ ነው። በተለይ ለሕፃናት ይረዳል። እንጀራ ዋናው ምግብ በሆነበት፣ ከዓመቱ ግማሹ በጾም በሚያልፍበት ቤት ግን ከባድ ነው፤ ያለ ባለሙያ ክትትል የሚሞከር አይደለም።

ለሴቶች የተለየ ቃል አለ። ቫልፕሮዌት በእርግዝና ጊዜ የፅንሱን አካልና አእምሮ ሊጎዳ ስለሚችል፣ መውለድ የምታስብ ሴት ከመፀነሷ በፊት ታማክር። ፊኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ደግሞ የእርግዝና መከላከያ ኪኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማሉ። ያረገዘች ግን ደንግጣ መድኃኒቷን በአንዴ አታቁም፤ መጣሉ ራሱ እናትንም ፅንስንም ይጎዳል።

ቤት ውስጥ

ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ እጁ ላይ ቁልፍ ማስጨበጥ፣ ጥርሱ መካከል ማንኪያ መሰንቀር ምንም አይፈይድም፤ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል። እሳትና ድንጋይ አርቁለት፣ ጭንቅላቱ ሥር ነጠላ አድርጉለት፣ መንፈራገጡ ጋብ ሲል በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ቁጠሩ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ከሁሉም በላይ አትሽሹት፤ እሳት ላይ ወድቆ የተቃጠለ ሰው ብዙ ጊዜ የተጎዳው ሰው መንካት ፈርቶ ስለቆመ ነው። ምድጃው ከመሬት ከፍ ይበል፤ ቡና የምታፈላዋ ከሰሉ አጠገብ ብቻዋን አትቀመጥ። ቦርከና ወንዝ ወርዳ ልብስ የምታጥብም ሰው አስከትላ ትውረድ።

አንዲት ኪኒን ከተረሳች ሲታወስ ትዋጣለች፤ የቀጣዩዋ ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈችው ትቅር፣ ሁለት በአንዴ አይዋጥም። ማቆም የሚታሰበው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይጥል ሲቆይ ነው፤ እሱም በሐኪም ምክር፣ በወራት ውስጥ ቀስ እየተቀነሰ።

መንገድ የሚዘጋበት፣ ቀጠሮ የሚሰረዝበት ዘመን ላይ ነን። መንገዱ የማያስተማምነው ሰው ረዘም ላለ ጊዜ የሚበቃ ትእዛዝ እንዲጻፍለት ይጠይቅ። ቤተሰብም ማታ ኪኒኗን ሲሰጥ የቀረውን ይቁጠር። አሥር ሲቀር ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ ሆስፒታል ተነሱ፤ እስክታልቅ አትጠብቁ።